የአምራቹን ዝግጁነት ከመመዘናችሁ በፊት ቆዳ ፋብሪካዎቹን ጠይቁ

ሰሞኑን አንድ የመንግሥት ኃላፊ ባለፋብሪካዎችን ሰብስበው ነበር። አምራቹ አዲስ ቴክኖሎጂና አሠራር ለማስገባት ያለው ዝግጁነት በመጠይቅ ሊመዘን ነው አሉ። እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም። እሳቸው ግን መጠይቁ ሳይበተን ውጤቱን ነገሩን። ችግሩ የአመለካከት ነው፤ ባለሀብታችን ማሽን ከመቀየር ሕንፃ ማቆም ይቀናዋል፣ አዲስ ነገር ይፈራል አሉ። አዳራሹም አጨበጨበ። ማጨብጨብ መቼም በነፃ ነው።

ሕንፃ ይወዳል? ለምን እንደሚወድ እሳቸው ያጡታል ብዬ አላምንም። ባንክ ገብተህ ብድር ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ምን ታስይዛለህ ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲያገለግል የሚፈቅድ አዋጅ በ2011 ወጥቷል። እስቲ አሮጌ የሽመና ማሽንህን ይዘህ ሂድና ሞክር። ቢሮህ ያለበትን ፎቅ ካርታ ስታሳይ ግን ሻይ ይታዘዝልሃል። ሕንፃ የሚያስበድርበት፣ ማሽን የማያስበድርበት ሥርዓት ዘርግቶ፣ ሰውየው ሕንፃ ሠራ ብሎ መውቀስ ድፍረት ነው።

በዚያ ላይ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር ዕድገት በ14 በመቶ ተገደበ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ማሽን ለመግዛት ብር ሲያጠራቅም የኖረ አምራች የግማሽ ማሽን ዋጋ ይዞ ቀረ። አመለካከቱ በአንድ ክረምት ተበላሽቶ ይሆን?

ይህን ሁሉ እንተወው። ስለ ዝግጁነት ማውራት ካማራን ከቆዳ የተሻለ ምስክር የለም። በ2000 መንግሥት ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬ ቆዳና ዌት ብሉ (በክሮም ለፍቶ ገና እርጥብ የሆነ፣ በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ) ላይ 150 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2004 ክረስቱንም (ለፍቶ ደርቆ ማጠናቀቂያ ብቻ የቀረውን ቆዳ) ጨመረበት። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ያለቀለት ቆዳ አምርቱ፣ አለዚያ ዝጉ። ያኔ መጠይቅ የበተነ የለም። ፋብሪካዎቹስ ምን አደረጉ? ተበደሩ። የማጠናቀቂያ ማሽን አስገቡ። ሠራተኛ አሠለጠኑ። ፈርተው ነበር እንበል፤ እየፈሩም ቢሆን ገቡበት።

ከዚያ ማሽኑ ኬሚካል ፈለገ። ኬሚካሉ ከውጭ ነው፣ ዶላር ፈለገ። ዶላሩ ወረፋ ነበር። ኤልሲ (ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ ባንክ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና ሰነድ) እስኪከፈትለት ወራት የሚጠብቅ ፋብሪካ በአዲስ ማሽን ምን ያደርግበታል? ጥሬ ቆዳ ወረፋ አይጠብቅም። በጨው ካልተያዘ በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። የሚመጣውም ቆዳ ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። አርቢው እከክ የሚለው የጥገኛ ተባይ በሽታ በበጉና በፍየሉ ቆዳ ላይ ምልክቱን ይተዋል። ያንን ምልክት በዓለም አለ የተባለ ማሽን ቢገዛ አያጠፋውም። መፍትሔው በጉ በሕይወት ሳለ ማከም ነው። የገጠር እንስሳት ሕክምና ደግሞ የቆዳ ፋብሪካ ሥራ ሆኖ አያውቅም።

ውጤቱን ሁላችንም አየነው። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2007 ሲጠናቀቅ ዘርፉ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ያስገኛል ተብሎ ነበር። የተገኘው ከሲሶው በታች ነው። ዛሬ በዓል ባለፈ ማግስት የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ተጥሎ ሲሸት እናልፈዋለን። የእኛ የደጋ በግ ቆዳ እኮ ለጓንት በዓለም ገበያ የተመሰገነ ነው! ድሮ በር እያንኳኳ ቆዳውን በጥሩ ዋጋ ይገዛ የነበረውን ነጋዴ ያጠፋው የባለፋብሪካው አመለካከት ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ ፊት ለፊት ይንገረኝ።

እዚህ አገር አዲስ ነገር ግቡበት ተብለው በታክስ ዱላ የተነዱ ፋብሪካዎች አሉ። ገቡበት። የከዳቸው ያስገባቸው አካል ነው። ይህን ያየ የጨርቃ ጨርቅ ወይም የብረታ ብረት አምራች ሁለት ጊዜ ቢያስብ ፈሪ አይባልም። ሒሳብ ያውቃል።

ሰነፍ ባለፋብሪካ የለም አላልኩም። መሬት አጥሮ የተቀመጠ ሞልቷል። እሱን ለማግኘት ግን መጠይቅ አያስፈልግም። መሬቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ከነስልክ ቁጥሩ ያውቀዋል።

የግድ ይመዘን ከተባለ መጠይቁ ላይ ጥቂት ጥያቄ ይጨመር። ባለፈው ዓመት መብራት ስንት ቀን ጠፋ? መለዋወጫ ዕቃ ጉምሩክ ውስጥ ስንት ሳምንት ተኛ? መመሪያ ስንት ጊዜ ተቀየረ? ይህን ክፍል ሞልቶ፣ ፈርሞና ማኅተም መትቶ የሚመልሰው ደግሞ አምራቹ ሳይሆን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይሁን። በቀነ ገደብ።