እርማት፦ ረግረጉን የሚያድነው ግንብ አይደለም

«ባሕሩ ከፍ ካለ ጨዋማው ረግረግ መስመጡ አይቀርም፤ መፍትሔው ግንብ ነው» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ። ወዳጄ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ረግረግ ዝም ብሎ አይሰምጥም። ማዕበል ያመጣውን ደለል ሳሩ ይይዛል፣ ሥሩም አፈር ይሆናል፤ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ያድጋል። ባሕሩ ከቀደመው ወደ የብስ ያፈገፍጋል። ለዚህ ግን ከጀርባው ለጥ ያለ ክፍት መሬት ይፈልጋል። ግንቡ የሚዘጋው ይህንኑ ነው። ከፊት ባሕር፣ ከኋላ ሲሚንቶ። ወዴት ይሂድ?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያላችሁ ብላክዋተር የተባለውን የዱር እንስሳት መጠለያ ሄዳችሁ እዩት፤ ከዋሽንግተን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 2,000 ሄክታር የሚሆን ረግረግ እዚያ ውኃ ሆኗል። ባሕሩ ከፍ ሲል መሬቱ ራሱም ይሰምጣል። ኑትሪያ የሚባል ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳም ሥሩን እየነቀለ በልቶታል (አሁን ጠፍቷል፣ ተመስገን)። ጫካው ዳር ግን ቆመው የደረቁ ጥዶች ታያላችሁ። ከሥራቸው የረግረግ ሳር በቅሏል። እየተሰደደ ነው!

«እንግዲያው ራሱ ይሂድ፣ እንተወው» ማለቴም አይደለም። ዝቅ ያለውን መሬት ከወዲሁ መለየት፣ መግዛት ወይም ቤት እንዳይሠራበት ከባለቤቱ ጋር መዋዋል ያስፈልጋል። መጤው ሸምበቆም ቀድሞ እንዳይወርሰው መጠበቅ አለበት። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ብላክዋተር ላይ 16 ሄክታር ገደማ በደለል ከፍ ተደርጓል።

ከባዱ የገበሬው ጉዳይ ነው። ማሳውን ጨው የበላበት ሰው ግንብ ልሥራ ቢል አልፈርድበትም።