ክሬቲን ወይስ ኮኪውቴን? ሁለቱም አይደሉም!

«ሁለቱንም መግዛት ካልቻልሽ ኮኪውቴኑን አስቀድሚ። ባይጠቅም አይጎዳም።» ሰሞኑን አንድ የጤና ባለሙያ በቀጥታ ስርጭት የሰጡት ምክር ነው። ጠያቂዋ አባቷ ፓርኪንሰን አለባቸው፤ የአንጎል ሴሎችን እየገደለ እንቅስቃሴን የሚያውክ በሽታ ነው። ሴሎች ኃይል እንዲያገኙ ይረዳሉ ተብለው ከሚሸጡት ሁለት ሰፕሊመንቶች፣ ከክሬቲንና ከኮኪውቴን፣ የአንጎላቸውን ሴሎች የትኛው እንደሚጠብቅላቸው ነበር የጠየቀችው። መልሱን ስሰማ ደሜ ፈላ።

ሁለቱም እኮ ተፈትነው ወድቀዋል! ለኮኪውቴን ያ ሁሉ ተስፋ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ፣ 80 ሰዎች ብቻ በተሳተፉበት ጥናት ነው። በኋላ 600 ሕመምተኞች ላይ፣ በቀን እስከ 2400 ሚሊግራም እየተሰጠ ተሞከረ። መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን ምንም አልተሻለም። ሙከራው ሳያልቅ ቆመ፤ ውጤቱም በ2014 ታተመ። ክሬቲንም ያው ነው። 1741 ሰዎች፣ በቀን 10 ግራም፣ ለዓመታት። በ2013 ዋጋ እንደሌለው ታይቶ ተቋረጠ።

«አይጥ ላይ ሠርቷል» ይሉናል። የትኛው አይጥ ላይ? እነዚያ አይጦች ፓርኪንሰን አልያዛቸውም። ዶፓሚን የተባለውን፣ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳ የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩ ሴሎችን የሚገድል መርዝ ነው የተወጉት። ሰፕሊመንቱን ደግሞ መርዙ ሳይደርስባቸው በፊት ነው የጀመሩት። ሰው እንዲህ ዓይነት ዕድል ከየት ያገኛል? እጁ ተንቀጥቅጦ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ከእነዚያ ሴሎች ብዙዎቹ ሞተዋል። በሽታው ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ሲበላው ከርሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ከአይጥ ጓዳ የተገኘን ተስፋ ለአንድ አባት መሸጥ እንዴት ምክር ይባላል?

ደግሞስ «አይጎዳም» ያለው ማነው? ኮኪውቴን ከቫይታሚን ኬ ጋር ስለሚመሳሰል ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ የሚወስድ ሰው ላይ የመድኃኒቱን ኃይል ሊያዳክም ይችላል። ክሬቲን ደግሞ የኩላሊት ጤና የሚለካበትን፣ በደም ውስጥ ያለውን ክሬቲኒን ከፍ ስለሚያደርግ ጤነኛውን ኩላሊት የታመመ ሊያስመስል ይችላል። አረጋዊ ሕመምተኛ ስንት ዓይነት መድኃኒት እንደሚውጥ ባለሙያው ያጡታል? አባቷ ምን ምን እንደሚወስዱ እንኳን አልጠየቋትም።

ክሬቲን ለስፖርተኛ ጡንቻ ይጠቅማል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የልጅቷ ጥያቄ ስለ አባቷ አንጎል ነበር።

ሊነግሯት የሚገባ ነገር ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ በሽታው በቅርቡ የተገኘባቸው 128 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ትሬድሚል ላይ ጠንከር አድርገው የሠሩት፣ በስድስት ወር ውስጥ የእንቅስቃሴ ችግራቸው ብዙም አልተባባሰም። እንቅስቃሴ ያልጨመሩት ግን ባሰባቸው። ሴሎቹን ያድናል ብዬ አልምልም። ግን አባትሽን ሐኪማቸውን አማክረሽ እንቅስቃሴ አስጀምሪያቸው ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?