«አብሽር» የመመሥረቻ ጽሑፍ አይሆንም

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሁለት ሰዎች አብረው ለመነገድ ሲያስቡ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሻይ ቤት ነው። አንዱ ገንዘብ አለው፣ ሌላው ሙያ። «ንግድ ፈቃዱን በአንተ ስም እናውጣው፣ ሁለታችንም ምን ያመላልሰናል?» ይባላል። «አብሽር፣ ምን ችግር አለ!» በቃ፣ ሥራ ተጀመረ።

እኔ የምለው ይኼ ነው። ሁለት ሆናችሁ በዱቤ ዕቃ የምታነሱ ከሆነ በአንድ ሰው ስም ፈቃድ አውጥታችሁ አትጀምሩ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ በተለምዶ ፒኤልሲ የምንለውን፣ አቋቁሙ። ብቻህን ሆነህ በእጅህ ባለው ገንዘብ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ አትቸኩል፤ የግል ንግድ ፈቃድ ይበቃሃል።

ኮምቦልቻ ላይ ብረታ ብረት ቤት የከፈቱ ሁለት ጓደኛሞች አሉ እንበል። በርና መስኮት ይሠራሉ፣ አንዳንዴ ከፋብሪካ የጥገና ሥራም ያገኛሉ። አንዱ ብየዳ ማሽኑን፣ መቁረጫውንና ሙያውን ይዞ መጣ። ሌላው የቤት ኪራይና የላሜራ መግዣ አመጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ ግን አንድ ፎቶና አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። ቲን ቁጥሩም የእሱ፣ የባንክ ሂሳቡም የእሱ። ሥራው እስከደራ ድረስ ይህን ማንም ልብ አይለውም። የተጣሉ ዕለት ግን ባለሙያው የገዛ ማሽኑን እንኳ የእኔ ነው ለማለት ምስክር ይቆጥራል።

ስሙ ፈቃዱ ላይ ያለውም ቢሆን አልተረፈም። ግብር ሲወሰን የሚጠራው እሱ ነው። በዱቤ ላሜራ የሰጠው ነጋዴ የሚከሰውም እሱን። ቤት ካለው ቤቱ፣ ባጃጅ ካለው ባጃጁ ለዕዳው ይቀርባል። ሸሪኩ «ግማሹን እኔ እከፍላለሁ» ካለው እሰየው፤ አልከፍልም ካለው ደግሞ የሻይ ቤቱን ወሬ ለዳኛ ሊያስረዳ ነው።

ሞትም አለ። ባለ ፈቃዱ ቢሞት ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተው ይመጣሉ። ለእነሱ ያ ባለሙያ ከአባታቸው ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ወረቀቱ የሚላቸው ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ ማስፈራሪያ የሚመስለው ካለ 2014ን ያስታውስ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። ዕቃው ሄደ፣ የዕቃው ዕዳ ግን እዚሁ ቀረ። በግል ፈቃድ የሚሠራ ሰው ከአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ በዱቤ ያመጣው ዕቃ ቢዘረፍበትም በሕግ ፊት ባለዕዳው ሱቁ ሳይሆን ራሱ ነው። አበዳሪው በሽምግልና ቢታገሰው ደግ። ባይታገሰው የሚቀጥለው ጥያቄ «ምን ንብረት አለህ?» የሚል ነው።

ፒኤልሲ ላይ ባለዕዳው ማኅበሩ ነው። አባላቱ በመርህ ደረጃ የሚያጡት ያዋጡትን ብቻ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ነው፤ ዛሬ ደህና ስልክ እንኳ አይገዛም። ድሮ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ግን ቢያንስ ሁለት አባል ያስፈልግ ነበር። ብቻውን የሚሠራ ሰው ለስሙ ያህል ሚስቱን ወይም እህቱን በትንሽ ድርሻ ማስገባት ነበረበት። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ይህን ቀየረውና አንድ ሰው ብቻውን ፒኤልሲ እንዲያቋቁም ፈቀደ።

ይሄኔ ብዙ ወጣት «እንግዲያው እኔም ባለ አንድ አባሉን ላውጣ» ይላል። ቆይ እስኪ። አንደኛ ነገር፣ ባንክ ሄደህ ብድር ስትጠይቅ ባንኩ ቤት አስይዝ ወይም በግልህ ዋስ ሁን ማለቱ አይቀርም። እዚያ ላይ ከለላው በገዛ ፊርማህ ተነሳ ማለት ነው። ከአቅራቢና ከአከራይ ግን አሁንም ይጠብቅሃል፣ ይህን አልክድም። ደግሞም የማኅበሩን ገንዘብ ከኪስህ ጋር ካደባለቅህ፣ ከሱቁ መሳቢያ የአስቤዛ እያነሳህ ማለቴ ነው፣ ፍርድ ቤት ከለላውን ሊያነሳብህ ይችላል።

ግብሩም አለ። ማኅበር የሚከፍለው የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው፤ ትርፉ ትንሽም ሆነ ትልቅ ምጣኔው ያው ነው። የግለሰብ ግን በደረጃ ነው የሚያድገው፣ የመጨረሻው እርከን 35 በመቶ። ትርፉ ትንሽ ለሆነ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ማኅበር ሽያጩ ቢያንስም ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፤ የሂሳብ መዝገብ መያዝ፣ ለሂሳብ ሠራተኛም መክፈል አለበት። ትርፉ ለአባላት ሲከፋፈል ደግሞ ሌላ ግብር ይጠብቀዋል። ሰኞ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ እናት ይህን ሁሉ የምትሸከምበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ሌሎቹ የማኅበር ዓይነቶች ብዙ አልልም። አክሲዮን ማኅበር የብዙ ሰው ገንዘብ ለሚሰበስብ ነው። ኅብረት ሽርክና ላይ እያንዳንዱ ሸሪክ ለጠቅላላው ዕዳ ስለሚጠየቅ ለወንድምም ቢሆን አልመክረውም። የእሽሙር ማኅበር የሚባለው አይመዘገብም፣ የራሱ የሕግ ሰውነትም የለውም። የሻይ ቤቱ ስምምነት ዕድል ቀንቶት ስም ቢሰጠው ምናልባት ይኼው ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ፒኤልሲ ለማቋቋም የወሰኑትም ጭምር የሚሠሩት ስህተት ነው። ከውልና ማስረጃ ቢሮ አካባቢ ያለ ጽሕፈት ቤት ይገባሉ። ጸሐፊው ባለፈው የመጣውን ደንበኛ የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ ማለትም አባላቱ ማኅበሩን ለማቋቋም የሚፈራረሙበትን ሰነድ፣ ይከፍትና ስም ብቻ ይቀይራል። ድርሻ ሃምሳ ሃምሳ። ሥራ አስኪያጅ አንዱ። ታትሞ፣ ተፈርሞ አለቀ። ሃምሳ ሃምሳ ፍትሐዊ ይመስላል፣ ያልተስማሙ ዕለት ግን ለማንኛቸውም አብላጫ ድምፅ የለም፤ ማኅበሩ ቆሞ ይቀራል። አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው በስንት ይገመታል? ማን ይገዛዋል? በስንት ጊዜ ይከፈለዋል? ሰነዱ ላይ የለም፣ ምክንያቱም ባለፈው ደንበኛም ላይ አልነበረም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤት ከመግባታችሁ በፊት የእነዚህን መልስ በእጃችሁ ጻፉ። ጠበቃ መክፈል ከቻላችሁ ለዚህ ክፈሉ፣ ለፎርም ሙሌት አይደለም። ብየዳ ማሽኑንም ዛሬ ሳትጣሉ ዋጋውን ተስማሙበት፤ የዓይነት መዋጮ፣ ማለትም በገንዘብ ፋንታ በዕቃ የሚዋጣ፣ ስለሆነ ግምቱ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በብር ይስፈር።