ዋንጫውን ሳይሆን ተጫዋቹን ቁጠሩ

በዩኒቨርሲቲ አመራር ላይ የተቀመጣችሁ ወገኖቻችን፣ የተማሪ ስፖርት ሲነሳ ቶሎ የምትጠቅሱት ምርጡ ቡድን ያመጣውን ዋንጫ ነው። ያ ጥቂቶች ተመርጠው የሚገቡበት ውድድር ነው። የመዝናኛ ስፖርት ግን ያልተመረጡት ሁሉ የሚጫወቱበት ነው። ሁለቱን በአንድ በጀትና በአንድ ሜዳ ስትጨፈልቁ ምርጡ ቡድን ሲለማመድ ሌላው ተማሪ አጥር ይዞ ይቆማል። ይህን እያያችሁ ዝም አትበሉ!

ጥሎ ማለፍ አዘጋጅታችሁም «ተማሪውን አሳተፍን» አትበሉ። 16 ቡድን ተመዝግቦ 8ቱ አንድ ጊዜ ተጫውተው ይሰናበታሉ፤ ጠቅላላውም 15 ጨዋታ ነው። አራት አራት አድርጋችሁ በምድብ ብትደለድሏቸው ግን ከምድብ ብቻ 24 ጨዋታ ይወጣል፣ የትኛውም ቡድን ከሦስት ጨዋታ በታች አያገኝም። በምሽት ሦስት ብታጫውቱ በስምንት ምሽት ያልቃል። የሚያስፈልገው የሚሠራ መብራትና ቁልፉን ይዞ በሰዓቱ የሚገኝ ሰው ነው።

«ቦታ የለንም» የሚለውም አያስኬድም። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ የመረብ ኳሱ 18 በ9። መሃል ላይ ብታሰምሩት በግራም በቀኝም 3 ሜትር፣ ከኋላ 5 ሜትር ይተርፋል፤ ለመረብ ኳስ በቂ ነው። ወለሉ ላይ ክዳን ያላቸው ሁለት የምሰሶ ጉድጓዶች ይበጁ። ክዳኑ ከወለሉ እኩል ካልተኛ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚቱን ያጥፍበታል። ምሰሶው መረቡን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ይሁን፤ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። በወንዶቹ ቁመት ተበይዶ የቀረ መረብ ሴቶችን ሳይናገር ይመልሳል፤ ከዚያ «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» ተብሎ ይጻፋል።

ተንቀሳቃሽ የጎል ብረትም መሬት ላይ ይቸንከር፣ ወይም ከኋላ ክብደት ይጫንበት። ሳይታሰር የቀረ ጎል ሲንጠለጠሉበት ወደ ፊት ወድቆ ሰው ገድሏል። ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ሪፖርታችሁንም አጥሩ። ሜዳ 800 ጊዜ ተገብቷል ማለት 800 ተማሪ ገብቷል ማለት አይደለም፤ 100 ተማሪ ስምንት ስምንት ጊዜ ተመላልሶ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በሴሚስተር አንድ ውድድር ይህን አይሞላም። በመታወቂያ ቁጥር መዝግቡ፤ በየሳምንቱ ስንቱ እንደሚመጣ፣ ስንቱ አንዴ መጥቶ እንደቀረ ለዩ። ጭራሽ ያልመጣውን ደግሞ ማደሪያው ድረስ ሄዳችሁ ምን እንዳስቀረው ጠይቁት።