«ተስማምተው ቢሠሩ ኖሮ» ለሚሉን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ በተደረገ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮች ስብሰባ ላይ አንድ ተናጋሪ «በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት የተዘጉት መሪዎቻችን ከመንግሥት ጋር ተስማምተው መሥራት ስላቃታቸው ነው፤ እኛ ያንን ስሕተት አንደግምም» አለ። ተጨበጨበለት። ንዴቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

አልተስማሙም? የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በ1967 ዓ.ም. ለምዕመናኗ በጻፈችው ደብዳቤ ለውጡን በደስታ ተቀብላለች። አብዮቱ ከመምጣቱ ዓመታት በፊት ገበሬውን ፊደል ታስቆጥር የነበረች ቤተ ክርስቲያን ናት። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ስምምነት ይምጣ? ምላሹ ምን ሆነ? በመጋቢት 1969 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ኡራኤል ሰብከው ሲወጡ ታፈኑ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ገደማ እስር ቤት ማቀቁ። የስምምነት ደመወዝ ይኸው ነው!

ሌላዋ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሠረተ ክርስቶስስ? የትኛውን ሹም ተቃወመች? በጥር 1974 ተዘጋች፣ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ሳሎን ለሳሎን፣ መጋረጃ ጋርደው ያመለኩት ምዕመናኗ ከ5 ሺህ ገደማ ተነስተው ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ያህል ደረሱ። ሹመትና መድረክ የሰጣቸው ካድሬ አልነበረም።

ብቸኛ ፓርቲ የሚጠላው ተቃውሞን ብቻ አይደለም። ከእሱ በላይ ሌላ ጌታ አለ ብሎ የሚንበረከክ ሰው ራሱ ይረብሸዋል። የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ይጠራ የነበረው ሌላ ቀን ጠፍቶ ነው? መፈክር አናሰማም ያሉ ልጆች የታሰሩት መሣሪያ ይዘው ተገኝተው ነው? አፋቸው ለአንድ ጌታ ብቻ ስለተሰጠ ነው።

ከመንግሥት ጋር አንነጋገር አላልኩም። የመቃብር ቦታ ስንፈልግ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን፤ መብታችን ነው። የፓርቲ አርማ ምስባካችን ላይ ሲቆም ግን፣ ለቅሶና ሠርግ አብረን የምንውል ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ነገ በምን ዓይን እናያቸዋለን? ጅማ ላይ እኛ ጥቂት ነን። ፓርቲው ሲጠላ አብረን እንጠላለን።

ያ ሰው ዳግም መድረክ ከመውጣቱ በፊት፣ በዚያ ዘመን በሹክሹክታ የዘመሩ እናቶች እዚሁ ከተማችን አሉና ሄዶ ደጃቸውን ያንኳኳ። «ለምን አልተስማማችሁም?» ይበላቸው፤ ዓይን ዓይናቸውን እያየ።