የመኪና ኤሲ ጋዝ አይበላም

ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሊወርድ የተነሳ ባለመኪና ጋራዥ ገብቶ «ኤሲው አይቀዘቅዝም» ሲል፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሳይከፈት ይመጣል፦ «ጋዝ አልቆበታል፣ እንሙላው።» ይሞላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይከፈላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ሙቀት፣ ያው መልስ።

ኤሲ ግን ጋዙን እንደ ቤንዚን አያቃጥለውም። ጋዙ በዝግ መስመር ጨምቆ ከሚገፋው ኮምፕሬሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ ወደሚያስወጣው ኮንደንሰር፣ ከዚያ የመኪናውን ውስጥ ወደሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ሄዶ ይመለሳል። በቱቦዎቹና በጎሚኒዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ሊወጣ ይችላል። በወራት ውስጥ ካለቀ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ። ቦታው ሳይገኝ መሙላት ጥገና አይባልም፤ የባለመኪናውን ገንዘብ ወደ አየር መልቀቅ ነው። አየሩም ይጎዳል፦ በብዙዎቹ መኪኖቻችን ውስጥ ያለው የኤሲ ጋዝ፣ አር-134ኤ፣ በ100 ዓመት ሲሰላ አንዱ ኪሎ ከ1,300 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል።

መካኒኩን ብቻ መውቀስ አይበቃም። ደንበኛው ለጋዝ ሳያንገራግር ይከፍላል፤ አንድ ሰዓት አጎንብሶ የሚያፈሰውን ቦታ ለፈለገለት ባለሙያ ግን «ምን ሠራህና?» ይለዋል። እንዲህ ባለ ገበያ መመርመር ያከስራል፣ መገመት ያተርፋል። ስለዚህ ምርመራ የራሱ ዋጋ ያለው ሥራ ተደርጎ በደረሰኝ ላይ ለብቻው ይጻፍ እላለሁ።

ምርመራው ደግሞ ውድ መሣሪያ ከመጠየቁ በፊት ዓይንና ጆሮ ይጠይቃል። ከመተንፈሻው የሚወጣው ነፋስ ራሱ ደካማ ከሆነ ጋዙን ከመንካት በፊት የአየር ማጣሪያውን ማየት ነው፤ በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ይገኛል፣ በአቧራችን ቶሎ ይደፈናል። መኪናው ሲሄድ የሚቀዘቅዝ፣ መንገድ ሲዘጋጋ የሚሞቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኮንደንሰሩ ማራገቢያ ይዞራል። ኮምፕሬሰሩ ጭራሽ ካልተነሳ ፊውዝ፣ ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋው)፣ የግፊት ስዊች (የጋዙ ግፊት ልክ ካልሆነ ኮምፕሬሰሩን የሚያቆመው) በየተራ ይታያሉ። እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ነገር አለ፦ ስዊቹን በሽቦ አልፎ ኮምፕሬሰሩን በግድ ማስነሳት። ስዊቹ ያቆመው ጋዝ ስላነሰ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ የሚዞረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ፣ ያለ ጋዝ የሚሽከረከር ኮምፕሬሰር ራሱን ይበላል።

የሚያፈሰው ቦታ ብዙ ጊዜ ራሱን ያሳያል። ከጋዙ ጋር ዘይት ስለሚወጣ መጋጠሚያው ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ይታያል፤ የሳሙና አረፋ ሲቀቡት ይነፋል። አስቸጋሪው ዳሽቦርድ ሥር የተደበቀው ኢቫፖሬተር ነው፤ ለእሱ ማሽተቻ መሣሪያ ወይም በልዩ መብራት የሚታይ ቀለም ያስፈልጋል።

የጋዙን ግፊት የሚለካው ጌጅም ቢሆን ያታልላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን ጌጁ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ቢያሳይ፣ ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ አለ ማለት እንጂ በቂ ነው ማለት አይደለም፤ 200 ግራምም 500 ግራምም ያው ቁጥር ነው የሚያሳየው። ጋዝ በሚዛን መሞላት ያለበት ለዚህ ነው፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል። የበዛ ጋዝም ማቀዝቀዙን ያዳክማል።

የከፍታችንም ጉዳይ አለ። ከመሙላት በፊት አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ይሳባል፤ የውጭ መመሪያዎች ጌጁ በቫኪዩም በኩል 29 ኢንች (በሜርኩሪ ሲለካ) ገደማ እንዲደርስ ይጠይቃሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንሰው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ራሱ ያነሰ ስለሆነ ጌጁ ከ23 ኢንች ብዙም አያልፍም። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ፓምፕ ይጥላል፣ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለና የኤሌክትሪክ መኪና ከበዛ ወዲህ ደግሞ ግምቱ ከድሮው የበለጠ ያስከፍላል። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው የኤሲ ጋዝ ነው። ኮምፕሬሰሩ በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት ይፈልጋል፤ ከተለመደው የኤሲ ዘይት ቢቀላቀልበት ኤሌክትሪኩ እንዳያፈተልክ የሚከላከለው ነገር ይዳከምና መኪናው አልነሳም ሊል ይችላል። ለቤንዚን መኪና ያገለገለውን የመሙያ ቱቦ ሳያጸዳ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚሰካ ጋራዥ ካጋጠማችሁ፣ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።