"ጋሼ፣ ተሰርቆብዎት ነው?"

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ያቺን ቀይ ፎርድ ሙስታንግ መኪናዬን ታውቋታላችሁ። ዛሬ ለዓመታዊ ምርመራ ወሰድኳት። መርማሪው የኛው ልጅ ሆኖ ሳገኘው ደስ አለኝ። የዋህ!

ከኋላ ቆሞ ይጮሃል።

"ጋሼ፣ የኋላ ማርሽ ያስገቡ!"

"አስገብቻለሁ።"

"አይበራም።"

"መብራቱ የላትም።"

ጎንበስ ብሎ ፓራውልቱ ሥር አየ። "ተሰርቆብዎት ነው?"

ተሰርቆብዎት! ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደሜ እየፈላ አስረዳሁት። 1965 ሞዴል ናት፣ በኛ 1957። ያኔ የሙስታንግ የኋላ ማርሽ መብራት የፈለገ ጨምሮ ከፍሎ የሚያስገጥመው ነበር። ከመኪናዋ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው በ1966 ሞዴል ነው። በአንድ ዓመት አመለጠኝ! አንገቱን ነቀነቀና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ታዲያ ያኔ ለምን አላስጨመሩም?"

ያኔ?! በ1965 እኮ እናቴ አባቴን አታውቀውም!

ፎርዶችንም ታዘብኳቸው። ኤፕሪል 1964 ላይ በ2,368 ዶላር መነሻ ዋጋ አውጥተዋት አገር ጉድ አሰኙ። መብራቱ ግን ለብቻ። ክትፎ ካዘዝክ በኋላ ቆጮው ለብቻ ነው እንደሚሉህ ቤት። ካዲላክ የገዛ ሀብታም እኮ ከ1952 ጀምሮ ጨምሮ ከከፈለ ዳሽቦርዱ ላይ የምትቀመጥ ዓይን ነበረችው። ከፊት መኪና ሲመጣ ረጅሙን መብራት ራሷ ዝቅ ታደርግለታለች። የኔዋ ቂጧን ማብራት አቃታት።

ደሞ ያንን ሽበታም ፈረንጅ አልረሳሁትም። ባለፈው ዓመት የአሮጌ መኪና ትርኢት ላይ፣ ፍርግርጉ ላይ ሁለት የጭጋግ መብራት አስገጥሜ ስኮራ፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "ይሄ የጂቲ ነው፤ ያንተ ጂቲ አይደለችም" አለኝ። ልክ ነው፤ ከኤፕሪል 1965 ወዲህ ከጂቲ ጋር፣ ማለትም ተጨማሪ ከሚከፈልበት የስፖርት ጥቅል ጋር፣ ይመጣ የነበረ ነው። አፍሬ አስፈታሁት። አንዱ ለምን ጨመርክ፣ አንዱ ለምን አልጨመርክ! የማንን ልስማ?

ልጁ የ"ወድቃለች" ወረቀቱን ለጥፎ ሲያበቃ፣ "ኤልኢዲ ብለጥፍልዎትስ ጋሼ? በ20 ዶላር።" ኤልኢዲ! በሙስታንግ ላይ! እንኳንም ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

ትክክለኛዎቹን ሁለት መብራቶች አዝዣለሁ፤ ምን ላድርግ። ከፓራውልቱ ሥር ያለው ቆርቆሮ ግን ቀዳዳ የለውም። 60 ዓመት ማንም ሳይበሳው ኖሯል። አሁን ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ድሪሉን ሦስቴ አነሳሁት፣ ሦስቴ አስቀመጥኩት።